መዝገበ ምድር፤ ምድርን ከሕዋ የሚታዘቡ ሳተላይቶች ታሪክ

የሰው ልጅ የሚኖርባትን ምድር ከላይ ሆኖ በምልዐት ለማየት ከጥንት ጀምሮ ሲመኝ ለመኖሩ፣ በግዕዝ ልሳን ሳይጎድል ተጠብቆ ለዓለም የደረሰው መጽሐፈ ሄኖክ ምስክር ነው፤ በዚያ መጽሐፍ ጻድቁ በመላእክት ተመርቶ የምድርን ዳርቻዎችና የነፋሳትን መዛግብት እንደ ጎበኘ ተጽፎአልና። ለአንድ ሰው በራእይ የተገለጸው ነገር ለብዙዎች በጥበብ ይደርስ ዘንድ ግን እጅግ ብዙ ዘመን አለፈ። ዛሬ በመቶ በሚቆጠር ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ እየዞሩ ደንን፣ እርሻን፣ ውኃንና በረሃን ሳይታክቱ የሚታዘቡት ሳተላይቶች እንዴት እንደ ተገኙ፣ በምንስ ችግር እንዳለፉና ለእኛ ምን እንዳተረፉ በቅደም ተከተል ለመተረክ እወዳለሁ። ዓመታቱም ዓ.ም. ተብለው ካልተለዩ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተነገሩ ናቸው።

የነገሩ መነሻ ፎቶግራፍ ነው። በ1858 ናዳር በሚለው ስሙ የታወቀው ፈረንሳዊው ፎቶግራፍ አንሺ ጋስፓር ፌሊክስ ቱርናሾን በባሎን ተሳፍሮ በፓሪስ አጠገብ የነበረችውን መንደር ከአየር ላይ አነሣ። ከዚያ በኋላ አውሮፕላን ተፈለሰፈ፤ በሁለቱ የዓለም ጦርነቶችም ከአየር የሚነሣ ፎቶግራፍ ለጦር አዛዦች ዋነኛ መረጃ ሆነ፤ ነገር ግን አውሮፕላን ምንም ያህል ቢራቀቅ የሚያየው ከሥሩ ያለውን ጥቂት አገር ብቻ ነበር። ሁለተኛው ጦርነት ባለቀ በዓመቱ፣ ኦክቶበር 24 ቀን 1946፣ ጀርመን ለጥፋት ሠርታው በአሜሪካኖች እጅ የወደቀው ቪ 2 የተባለው ሮኬት ካሜራ ተሸክሞ ከኒው ሜክሲኮ በረሃ ወደ ላይ ተተኮሰ፤ 105 ኪሎ ሜትር ያህል ከወጣ በኋላም ተመልሶ ወድቆ እንክትክቱ ሲወጣ፣ በብረት ሣጥን የታሸገው ፊልም ብቻ ደኅና ሆኖ ተገኘ። ምድር ከሕዋ የታየችበት የመጀመሪያው ሥዕል ይኸው ነው።

ኦክቶበር 4 ቀን 1957 ሶቪየት ኅብረት ስፑትኒክ የተባለችውን የመጀመሪያዋን ሰው ሠራሽ ጨረቃ ወደ ሕዋ ላከች። ሦስት ዓመት ሳይሞላም፣ ኤፕሪል 1 ቀን 1960፣ አሜሪካኖች ታይሮስ 1 የተባለችውን የአየር ጠባይ ሳተላይት አመጠቁ፤ እርሷም በ78 ቀን አገልግሎቷ በሺህ የሚቆጠሩ የደመና ሥዕሎችን በቴሌቪዥን ስላስተላለፈች፣ የዝናብና የማዕበል ተመራማሪዎች እስከዚያ ድረስ በግምት ብቻ የሚያውቁትን የደመና ጉዞ በዐይናቸው ለማየት ቻሉ። በዚያው ዓመት በኦገስት ወር ደግሞ ኮሮና በሚል የምሥጢር ስም የሚጠራው የስለላ ሳተላይት ያነሣውን ፊልም በቋት ከትቶ ወደ ምድር ጣለው፤ በፓራሹት የሚወርደውንም ቋት አንድ አውሮፕላን በሰላማዊ ውቅያኖስ ሰማይ ላይ ሳለ በመንጠቆ ያዘው። ያ ፊልምና ከእርሱ በኋላ የመጡት ከስምንት መቶ ሺህ የሚበልጡ ሥዕሎች እስከ 1995 ድረስ ለሕዝብ ሳይገለጡ ቆዩ። እንግዲህ ምድርን ከሕዋ የማየት ጥበብ ገና ከጥንስሱ ሁለት መንገድ ያዘ፤ አንዱ ለሁሉ የተገለጠ፣ ሁለተኛው በማኅተም የተዘጋ።

የተገለጠውን መንገድ ከደመና አውርደው ወደ መሬት ለማምጣት ከሁሉ ይልቅ የደከሙት የአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት ዲሬክተር የነበሩት ዶክተር ዊልያም ፔኮራ ናቸው። በ1960ዎቹ አጋማሽ ጀሚኒ በተባሉት የአሜሪካ መንኮራኩሮች የተጓዙ ጠፈርተኞች በእጅ ካሜራ ያነሡአቸው ባለ ቀለም ሥዕሎች የተራሮችን እጥፋትና የወንዞችን አወራረድ አጥርተው ስላሳዩ፣ ፔኮራ የምድርን ሀብት ብቻ የሚመረምር ሳተላይት ይሠራ ብለው ተከራከሩ። የተፈጥሮ ሀብትን ጉዳይ የሚመራው መሥሪያ ቤት ሚኒስትር ስቱዋርት ዩዳልም ሴፕቴምበር 21 ቀን 1966 ሐሳቡን በይፋ አስታወቁ። ሆኖም የመከላከያው መሥሪያ ቤት ምሥጢሬ ይገለጥብኛል ብሎ ስለ ሠጋ፣ የበጀቱም ሹማምንት አውሮፕላን በርካሽ ይሠራዋል ብለው ስለ ተቃወሙ፣ ሥራው እየተጓተተ ዓመታት ተቈጠሩ። በዚህ መካከል በ1968 የልደት ዋዜማ በአፖሎ 8 ጨረቃን ይዞሩ ከነበሩት ጠፈርተኞች አንዱ የሆኑት ዊልያም አንደርስ ምድር ከጨረቃ አድማስ በላይ ስትወጣ የሚያሳየውን ሥዕል አነሡ፤ ያ ሥዕል ምድራችን አንዲትና ውሱን መሆንዋን በሕዝቡ ልብ ስላሳደረ፣ የፔኮራ ሐሳብ ከፊተኛው ይልቅ ሰሚ ጆሮ አገኘ።

ሳተላይቱ የሚሸከመው መሣሪያ ምን ይሁን የሚለው ጥያቄ ሌላ ክርክር አስነሣ። ብዙዎቹ ባለሙያዎች የታመኑት በቴሌቪዥን ካሜራዎች ነበር። በካሊፎርኒያ በሚገኘው የሂዩዝ አውሮፕላን ኩባንያ ይሠሩ የነበሩት የፊዚክስ ሊቅ ወይዘሮ ቨርጂኒያ ኖርውድ ግን የእርሻ፣ የደንና የጂኦሎጂ አዋቂዎችን ምን ማየት እንደሚፈልጉ ከጠየቁ በኋላ፣ መልቲስፔክትራል ስካነር የተባለውን ፈጽሞ የተለየ መሣሪያ ነደፉ። ሸማኔ ድሩን ወደ ፊት እየሳበ መወርወሪያውን ግራና ቀኝ እንደሚልክ ሁሉ፣ ሳተላይቱ ወደ ፊት ሲከንፍ በውስጡ ያለው መስተዋት በአንድ ሴኮንድ ከ13 ጊዜ በላይ ወደ ጎን እየተወዛወዘ ከምድር የሚመለሰውን ብርሃን መስመር በመስመር ይሰበስባል። የተሰበሰበው ብርሃንም በኅብረ ቀለሙ ይከፋፈላል፤ አረንጓዴው ለብቻው፣ ቀዩም ለብቻው፣ ከቀይ ወዲያ ያለውና የሰው ዐይን የማያየው ኢንፍራሬድ ደግሞ በሁለት ተከፍሎ ይለካል። ከዚህ የበለጡ ኅብሮች ታስበው ነበር፤ መሣሪያው ከ45 ኪሎ ግራም ገደማ እንዳይበልጥ በመታዘዙ በአራት ተወሰነ።

ይህ መከፋፈል ለምን እንደ ጠቀመ መረዳት የታሪኩን ሁሉ ምሥጢር መረዳት ነው። ሕይወት ያለው ቅጠል ቀዩን ብርሃን ለምግቡ ይመጠዋል፤ ኢንፍራሬዱን ግን አጥብቆ ይመልሰዋል። ቅጠሉ በጥም ወይም በበሽታ ሲደክም የሁለቱ ልዩነት እየጠበበ ይሄዳል። የጠራ ውኃ ኢንፍራሬዱን ውጦ ያስቀራል፤ ራቁቱን የቀረ አፈርም የራሱ የሆነ ምልክት አለው። ስለዚህ ከሰማይ የሚወርደው ሥዕል ለዐይን ከማማሩ አስቀድሞ የቁጥር መዝገብ ነው፤ ቁጥሩንም ማንበብ የሚያውቅ ሰው ማሳው ጠግቦ እንደ ሆነና ተርቦ እንደ ሆነ በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ሆኖ ለመናገር ይችላል።

የመጀመሪያዋ ሳተላይት ኢ.አር.ቲ.ኤስ. 1 ጁላይ 23 ቀን 1972፣ ይኸውም ሐምሌ 16 ቀን 1964 ዓ.ም.፣ ከካሊፎርኒያ ጠረፍ ወደ ሕዋ ተተኮሰች። ዶክተር ፔኮራ ግን ብዙ የደከሙለትን ፍሬ ሳያዩ ከአራት ቀን በፊት ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተው ነበር። ሳተላይቷ በዘጠኝ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሆና ከዋልታ ወደ ዋልታ እየዞረች፣ በእያንዳንዱ ጉዞዋ 185 ኪሎ ሜትር ወርድ ያለውን ምድር እያየች፣ በየ18 ቀኑ ወደዚያው ስፍራ ትመለስ ነበር። በሥዕሏም ላይ አንዱ ነጥብ 80 ሜትር ያህል ወርድ ያለውን መሬት ይወክላል። ጥቂት ሳምንታት ሳይሞሉ የታመኑት የቴሌቪዥን ካሜራዎች በኤሌክትሪክ ጉድለት ምክንያት ሥራቸውን አቆሙ፤ በሁለተኛ ደረጃ የተጫነው የወይዘሮ ኖርውድ መሣሪያ ግን ሥራውን ሁሉ ተሸከመ። ለአንድ ዓመት ታስባ የተሠራችው ሳተላይትም እስከ ጃንዋሪ 1978 አገለገለች፤ በ1975 ተከታይዋ ስትመጥቅ ሁለቱም ዛሬ በሚታወቁበት በላንድሳት ስም ተሰየሙ።

ፍሬዋ ወዲያውኑ ታየ። ካናዳዊቷ የካርታ ባለሙያ ቤቲ ፍሌሚንግ በላብራዶር ጠረፍ አጠገብ በማናቸውም ካርታ ላይ ያልተጻፈች፣ ርዝመትዋ ከ45 ሜትር የማይበልጥ ደሴት በሳተላይቷ ሥዕል ላይ አገኙ፤ በ1976 ይህን ለማረጋገጥ ከሄሊኮፕተር በገመድ የወረደው መርማሪም በደሴቲቱ ላይ የነበረ ነጭ ድብ መዳፉን ስለ ሰነዘረበት ለጥቂት ተረፈ። ከዚህ የሚበልጠው ግኝት የመጣው ግን ከአፍሪካ ነበር። በ1973 የሳህል አገሮች በድርቅ ሲነዱ፣ በእኛም አገር የወሎ ሕዝብ በረሃብ በሚያልቅበት በዚያ መሪር ዓመት፣ ተመራማሪዎች በኒጀር ምድር ላይ በገረጣው በረሃ መካከል አንድ ባለ አምስት ማዕዘን ጥቁር ምልክት በሳተላይቱ ሥዕል ላይ አዩ። ወደ ስፍራው ሄደው ሲመረምሩ ምልክቱ ኤክራፋን የተባለ በሽቦ የታጠረ የከብት እርባታ ሆኖ ተገኘ፤ ግጦሹ በአምስት ተከፍሎ ከብቶቹ በተራ ስለሚሰማሩበት ሣሩ ቆሞ ነበር። በአጥሩ ውስጥና ውጭ የዘነበው ዝናብ አንድ ነው፤ ምድሪቱን የለያት የሰው አያያዝ ነው። ድርቅ ከሰማይ ቢመጣም፣ የምድር መራቆት ግን ከፊሉ ከእጃችን እንደሚመጣ በአንድ ሥዕል እንዲህ ያለ ግልጽ ምስክርነት ተሰጥቶ አያውቅም ነበር።

በ1970ዎቹ መጨረሻ ኮምፕተን ታከር የተባሉ የናሳ ሳይንቲስት በቀዩና በኢንፍራሬዱ ብርሃን መካከል ያለውን ልዩነት በአንድ ቁጥር ጠቅልሎ የልምላሜን መጠን የሚለካውን ስሌት አጠኑ፤ ከ1981 ጀምሮም ምድርን በየቀኑ የሚቃኙትን የአየር ጠባይ ሳተላይቶች ለዚሁ ሥራ በማዋል የአፍሪካን ልምላሜ ከወቅት ወደ ወቅት መከታተል ጀመሩ። ይህ ጥበብ ገና ከቤተ ሙከራ ሳይወጣ በ1977 ዓ.ም. የተባባሰው ረሃብ በትግራይና በወሎ ላይ ወረደ። በዚህ ላይ እውነቱን ሳይሸሽጉ መናገር ይገባል። የኢትዮጵያ የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በማርች 1984 አምስት ሚሊዮን የሚያህል ሕዝብ በአደጋ ላይ መሆኑን ለዓለም አስታውቆ ነበር፤ ዓለም ግን የነቃው ከሰባት ወር በኋላ የኮረም መጠለያ ሥቃይ በቴሌቪዥን በታየ ጊዜ ነው። የጎደለው ዐይን አልነበረም፤ የተነገረውን ሰምቶ በጊዜው የሚነሣ ልብ ነበር። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1985፣ የአሜሪካ የልማት ተራድኦ ድርጅት የረሃብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዐት ያቋቋመው በዚህ ጥፋት ምክንያት ነው፤ የታከርም የልምላሜ ስሌት ከገበያ ዋጋና ከዝናብ ልኬት ጋራ እየተገናዘበ ለማስጠንቀቂያው ዋነኛ መሣሪያ ሆነ። ከዚያ በኋላ በብዙ አገሮች የተሠራበት ይህ ሥርዐት በወገኖቻችን ሞት የተገዛ ትምህርት መሆኑን ልንዘነጋው አይገባም።

በሌላ በኩል ላንድሳት ራሱ በዚያው ዘመን በገንዘብ ምክንያት ከጥፋት አፋፍ ደረሰ። በ1982 የመጠቀው ላንድሳት 4 እና ማርች 1 ቀን 1984 የተከተለው ላንድሳት 5 አንዱን ነጥብ ወደ 30 ሜትር ያጠሩ፣ ኅብሮቹንም ወደ ሰባት ያሳደጉ አዲስ መሣሪያ ነበራቸው፤ ነገር ግን በ1984 የወጣው ሕግ ሥዕሎቹን የመሸጡን ሥራ ለነጋዴ ኩባንያ ስላስተላለፈ፣ የአንዱ ሥዕል ዋጋ እስከ አራት ሺህ ዶላርና ከዚያም በላይ ወጣ። የድኻ አገር ዩኒቨርሲቲ ይህን ከየት ያመጣዋል? ከዚህም የከፋው፣ ገዥ የማይገኝለት ምድር ሳይነሣ ማለፉ ነው፤ ስለዚህም የእነዚያ ዓመታት መዝገብ በአፍሪካ ላይ ብዙ ክፍተት አለበት፤ ያለፈ ቀንም ተመልሶ አይነሣም። በ1986 ፈረንሳይ ስፖት የተባለውን ሳተላይት አመጠቀች፤ በዚያው ዓመት በኤፕሪል ወር የቼርኖቢል አቶም ማመንጫ በፈነዳ ጊዜ ሶቪየት ኅብረት የሸሸገችውን ጥፋት የላንድሳትና የስፖት ሥዕሎች ለዓለም ገለጡት። ሆኖም በ1989 ላንድሳት 4 እና 5 በበጀት ማጣት ይዘጉ የሚል ትእዛዝ ወጥቶ በመጨረሻው ሰዓት ዳኑ፤ ላንድሳት 6 ደግሞ በኦክቶበር 1993 በመጠቀበት ዕለት ከምሕዋሩ ሳይደርስ ጠፋ። እነሆ በዚህ ሁሉ መካከል ለሦስት ዓመት ተብሎ የተሠራው ላንድሳት 5 እስከ 2013 ድረስ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ያህል ተግቶ ሠራ። የእርሱ ትጋት ባይኖር የመዝገቡ ሐረግ በተቈረጠ ነበር።

በ1992 ሌላ ሕግ ወጥቶ ሥራውን ወደ መንግሥት መለሰው፤ ላንድሳት 7ም ኤፕሪል 15 ቀን 1999 መጠቀ። በዚህ ጊዜ ከብርሃን ሌላ የሆነ የማየት ጥበብ በአውሮፓውያን እጅ ጎልምሶ ነበር፤ በ1991 የመጠቀው ኢ.አር.ኤስ. 1 እና በ2002 የተከተለው ኤንቪሳት ደመናና ጨለማ የማያግደውን የራዳር ሞገድ ወደ ምድር እየላኩ የሚመለሰውን ይለኩ ነበር። ከአንድ ስፍራ በሁለት የተለያዩ ቀናት የተወሰዱ ልኬቶች ቢነጻጸሩ የመሬቱን መነሣትና መስመጥ በሴንቲ ሜትር ልክ ያሳያሉ። የዚህ ጥበብ ታላቅ ማስረጃ የተገኘው በአገራችን ነው፤ በሴፕቴምበር 2005፣ ይኸውም በመስከረም 1998 ዓ.ም.፣ በአፋር የዳባሁ እሳተ ገሞራ ተነሥቶ ምድር በተናወጠች ጊዜ፣ በኤንቪሳት ራዳር የተመለከቱት ሊቃውንት ከምድር ሥር የቀለጠ ዐለት 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ባለው ስንጥቅ ውስጥ እንደ ገባና መሬቱንም እስከ ስምንት ሜትር ድረስ እንደ ከፈተው አረጋገጡ። አፍሪካ ከዓረብ ምድር የምትለይበትን፣ ወደ ፊትም አዲስ ባሕር የሚፈጠርበትን ሥነ ፍጥረታዊ ሥራ የሰው ልጅ እንዲህ ባለ ልክ ሲያየው የመጀመሪያ ጊዜው ነበር።

ከመሣሪያዎቹ ሁሉ ይልቅ ነገሩን የለወጠው ግን በ2008 የተወሰነው ውሳኔ ነው። ብራዚል ከቻይና ጋራ የሠራችውን የሳተላይት ሥዕል ከ2004 ጀምሮ በነጻ መስጠት ጀምራ ነበር፤ የአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤትም በ2008 ከ1972 ጀምሮ ያከማቸውን የላንድሳት መዝገብ በሙሉ ለፈለገው ሁሉ ያለ ዋጋ ከፈተ። ቀድሞ አንድ ሥዕል ለመግዛት ገንዘብ የሚለምነው ተማሪ በሺህ የሚቆጠሩትን አነጻጽሮ ለመመርመር ቻለ። በ2013 በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ማቲው ሃንሰንና ባልደረቦቻቸው 654,178 የላንድሳት 7 ሥዕሎችን መርምረው፣ ከ2000 እስከ 2012 ባለው ጊዜ ዓለም 2.3 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ደን እንዳጣች፣ በምትኩ ያገኘችው 0.8 ሚሊዮን ብቻ እንደ ሆነ አስታወቁ። መዝገቡ በዋጋ ተዘግቶ ቢቆይ ይህን ያህል ሥዕል ገዝቶ የሚመረምር ማን በተገኘ ነበር? የአውሮፓ ኅብረትም በ2014ና በ2015 ሴንቲኔል የተባሉትን ሳተላይቶች መላክ ሲጀምር የነጻውን መንገድ ተከተለ።

በዚህ ዘመን የኢትዮጵያን ሰሜናዊ ደጋ በሳተላይት ሥዕል የሚመለከት ሰው በታረሰውና በተራቆተው መሬት መካከል በየስፍራው ትናንሽ ክብ አረንጓዴ ነጠብጣቦችን ያያል። እነዚህ አብያተ ክርስቲያናትን የከበቡ ደኖች ናቸው፤ ካህናቱና ምእመናኑ ደኑን የቤተ መቅደሱ ልብስ አድርገው ስለ ጠበቁት የአገር በቀል ዛፎቹ ዘር በዚያ ተረፈ። በደቡብ ጎንደር ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከውጭ አገር ባለሙያዎችና ከካህናት ጋራ ተባብረው ደኖቹን በድንጋይ አጥር ለመጠበቅ የሠሩት ሥራ በዓለም ታውቋል። ኤክራፋን ያስተማረችውን ትምህርት አባቶቻችን ሳተላይት ሳይኖር በሃይማኖት ሥርዐት ይፈጽሙት እንደ ነበር ሥዕሉ ይመሰክራል።

ኢትዮጵያም በተራዋ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢ.ቲ.አር.ኤስ.ኤስ. 1 የተባለችውን፣ ወደ 70 ኪሎ ግራም የምትመዝነውን የመጀመሪያዋን ሳተላይት በቻይና እርዳታ ከታይዩዋን ማምጠቂያ ወደ ሕዋ ላከች። ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶች በንድፏ ተካፍለዋል፤ መቈጣጠሪያዋም በእንጦጦ ተራራ ላይ ቆመ። እንጦጦ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ደኑ ተቈርጦ አልቆ በባሕር ዛፍ የተተካ ተራራ በመሆኑ፣ የደን ጥፋትን ለሚታዘብ መሥሪያ ቤት ከዚህ የሚስማማ ስፍራ አይገኝም። በዓመቱም ሁለተኛዋ ሳተላይት ተከተለች። በሴፕቴምበር 2021 ደግሞ ላንድሳት 9 መጠቀ፤ በ1972 የተጀመረው መዝገብም ሳይቋረጥ ሃምሳ ዓመቱን ተሻገረ።

ይህ ታሪክ የሚያስተምረን ምድርን ማየት በሦስት ሰዎች ሥራ የሚፈጸም መሆኑን ነው። አንዱ መሣሪያውን የሚሠራ ብልህ ነው፤ ሁለተኛው መዝገቡን ዓመት ከዓመት ሳያስተጓጉል የሚጠብቅና ለሁሉ የሚከፍት ታማኝ ነው፤ ሦስተኛው ከመዝገቡ የወጣውን ማስጠንቀቂያ ሰምቶ በጊዜው የሚነሣ ሹም ነው። ኖርውድን የመሰለ ብልሃተኛ ባይኖር ሥዕሉ ባልተገኘ፤ መዝገቡ በውድ በተሸጠበት ዘመን አፍሪካ ከመዝገቡ ጎደለች፤ በ1977 ዓ.ም. ሦስተኛው በመዘግየቱ ሕዝብ አለቀ። ለአገራችን ሳተላይት መላክ የሚያስከብር ሥራ ነው፤ ይሁን እንጂ በየዩኒቨርሲቲው ሥዕሉን ማንበብ የሚችሉ ወጣቶችን ማፍራት፣ የሚሰበሰበውን መዝገብ በየመሥሪያ ቤቱ ሣጥን ሳይቆልፉ ለገበሬውም ለተማሪውም ለአስተዳዳሪውም ማድረስ፣ የዝናብ መቅረት ሲታይም የሰብል ወቅት ሳያልፍ እህሉን ማዘጋጀት ከዚያ የሚበልጥ ግዴታ ነው። በነጻ የተከፈተው የሃምሳ ዓመት መዝገብ ዛሬ ለእኛም እኩል ክፍት ስለ ሆነ፣ ይህን ግዴታ ለመፈጸም ሌላ ሳተላይት እስኪመጥቅ መጠበቅ አያስፈልገንም።